ለካርድና ለወረቀት ሥራ የሚሆን የአማርኛ ፎንት ከየት ታወርዳላችሁ? እንዴትስ ታደራጁታላችሁ?

ሰላም_ካርድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ቨርጂኒያ ነው። በትርፍ ሰዓቴ ክሪከት በሚባለው ወረቀት መቁረጫ ማሽን የክርስትና፣ የልደትና የሠርግ ካርድ እሠራለሁ። ለእንግሊዝኛው ጽሑፍ ፎንት ሞልቷል፣ እንዲያውም በዝቶብኛል። ጉዱ አማርኛው ላይ ነው። አንዱን አውርጄ ኢንስቶል አደርጋለሁ፣ ዲዛይን ስፔስ በሚባለው የማሽኑ ፕሮግራም ላይ ስሙ ቁጭ ይላል፣ አማርኛ ስጽፍበት ግን ወይ ባዶ ሳጥን ይደረድራል ወይ ከሌላ ፎንት ተበድሮ ያልመረጥኩትን መልክ ያመጣል። ሌላው ደግሞ ስክሪን ላይ አንጀት ያርሳል፣ ወረቀት ላይ ሲቆረጥ ይበጣጠሳል። አሁን «ኤልሳቤጥ» የሚል የክርስትና ማስጌጫ ታዝዤ የ«ቤ» ቀለበት እየተቀደደ አላስቀምጥ ብሎኛል። በዚያ ላይ ኮምፒውተሬ ውስጥ የተጠራቀመው ፎንት ብዛቱ አይወራ። የቱ የቱ እንደሆነ፣ የቱን ተጠቅሜ ካርድ መሸጥ እንደምችል አላውቅም። እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?

ብዕርና_መቀስ፦
ሰላም እህቴ። ሦስቱም የተለያየ ችግር ስለሆነ አንድ በአንድ እንሂድ።

ባዶ ሳጥን ካየሽ ፎንቱ ውስጥ የግዕዝ ፊደል የለም ማለት ነው፣ በቃ። ፎንት ማውረጃ ድረ ገጾች ላይ «ኢትዮጵያዊ» ወይም «አፍሪካዊ» እየተባሉ የሚለጠፉት ብዙዎቹ የላቲን ፊደል የእኛን እንዲመስል ተደርጎ የተሣሉ ናቸው። ኤውን እንደ አ፣ ዩውን እንደ ሀ አድርገው ይሥሉታል። ለቲሸርት ያምር ይሆናል፣ አማርኛ ግን አይጽፍም።

ስለዚህ መነሻሽ ጎግል ፎንትስ ይሁን። እዚያ ቋንቋ መምረጫው ላይ አማርኛን ስትመርጪ የሚቀሩት ጥቂት ናቸው፣ ግን የሚያስተማምኑ ናቸው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ እና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ ድረስ ሙሉ የውፍረት ደረጃ አላቸው፣ ለቆረጣ ደግሞ ዋናው ነገር እሱ ነው። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤልም አለ፣ የእጅ ጽሕፈት ወዝ ያለው፣ ለክርስትናና ለሠርግ ካርድ በጣም የሚያምር። ችግሩ አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። ቦልድ የሚለውን ስትጫኚ አንዳንዱ ሶፍትዌር ከራሱ አወፍሮ የውሸት ቦልድ ያወጣልሻል፣ እሱን ለቆረጣ አትመኚው።

አሁን አንድ ወጥመድ ልንገርሽ። ኖቶን ከጎግል ስታወርጂ ዚፑ ውስጥ ሁሉን ውፍረት በአንድ የያዘ ፋይል አለ፣ ከጎኑ ደግሞ «ስታቲክ» የሚል ፎልደር። ብዙ የቆረጣ ሶፍትዌር ያንን ሁሉን በአንድ የያዘውን በደንብ አይረዳም፣ አንድ ውፍረት ብቻ ያሳይሻል። ስታቲክ ውስጥ ግቢና ቦልዱን፣ ሰሚቦልዱን፣ ብላኩን ለየብቻ ጫኚ። ከዚያ ዲዛይን ስፔስን ዘግተሽ እንደገና ክፈቺው፣ ክፍት እያለ የተጫነ ፎንት ብዙ ጊዜ አይታየውም።

ዊንዶውስ ከሆነ የምትጠቀሚው ደግሞ ፋይሉን በቀኝ ስትጫኚ «ለሁሉም ተጠቃሚ ጫን» የሚለውን ምረጪ። ተራው ኢንስቶል በአንቺ ስም ባለው ፎልደር ውስጥ ብቻ ያስቀምጠዋል፣ አንዳንድ ፕሮግራም እዚያ ሄዶ አይፈልግም። ፎንቱን ጭኜዋለሁ ግን የለም የሚባለው ስሞታ ግማሹ ይኸው ነው።

ሰላም_ካርድ፦
ስታቲክ የሚለውን ፎልደር ሁልጊዜ ዘልዬው ነው የማልፈው 😅 እሺ እሱን አሁኑኑ እሞክራለሁ። ዊንዶውስ 11 ነው። ኒያላ የሚባለውስ? የድሮ ላፕቶፔ ላይ ነበረ፣ አዲሱ ላይ የለም።

ብዕርና_መቀስ፦
ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ ፎንት ነው። አዲሶቹ ዊንዶውሶች ላይ ከመጀመሪያው አይጫንም እንጂ አለ። ሴቲንግስ ውስጥ አማራጭ ነገሮች የሚጨመሩበት ቦታ ግቢና የኢትዮፒክ ተጨማሪ ፎንቶች የሚለውን ጨምሪ፣ ራሱ ማይክሮሶፍት ያወርድልሻል። ከማይታወቅ ድረ ገጽ አታውርጂው። ማክ ያላቸው ከፋ የሚባለውን ያገኛሉ፣ ከማሽኑ ጋር ነው የሚመጣው። ኒያላ ለሚነበብ ጽሑፍ እወደዋለሁ፣ ለቆረጣ ግን ቀጫጭኑ መስመር ቶሎ ይቀደዳል።

ጋሽ_ማተሚያ፦
ልጆች፣ ወሬያችሁ ደስ ይላል፣ ግን ፓወር ግዕዝን ማን ረሳው? አዲስ አበባ ላይ ስንት ዘመን የሠርግ ካርድ ስናትም የኖርነው በኮሬል ድሮው የሥዕል ፕሮግራምና በፓወር ግዕዝ ፊደል ነው፣ ከዚያ በፊትም በቪዥዋል ግዕዝ። የፊደሉ ቅርጽ የሚያምረው እዚያ ነው። ደንበኛ መጥቶ «ያንን የድሮውን ፊደል» ይለኛል እንጂ ኖቶ ስጠኝ ያለኝ የለም። ጎግል ያመጣው ፊደል ለስልክ ስክሪን ነው፣ ካርድ ላይ ሲወጣ የመንግሥት ማስታወቂያ ይመስላል።

ብዕርና_መቀስ፦
ጋሼ፣ ቅርጹ ላይ አልከራከርዎትም፣ የመንግሥት ማስታወቂያ ያሉትም አስቆኛል። ግን ለዚች ልጅ የድሮውን ፓወር ግዕዝ ሰጥተናት ዲዛይን ስፔስ ውስጥ ብትጽፍበት ምን እንደሚወጣ ያውቁታል። የድሮዎቹ የተሠሩት ዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደል ሁሉ የየራሱን ቁጥር የሚሰጠው ሥርዓት፣ ግዕዝን ሳያስገባ በፊት በነበረው አሠራር ነው። አንድ ፎንት 256 ቦታ ብቻ ነበረው፣ የእኛ ፊደል ደግሞ ከቁጥሩና ከሥርዓተ ነጥቡ ጋር ከ300 በላይ ነው። ስለዚህ ፊደሉን ለሁለት ለሦስት ፎንት ከፋፍለው በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ አስቀመጡት። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደልና ምልክት እንደጻፉ ነው፣ ሀ ሆኖ የሚታየው ፎንቱ ስላለ ብቻ ነው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ዝብርቅርቅ ያለ ምልክት ይሆናል። ዩኒኮድ ግዕዝን ያካተተው በ1999 ነው፣ ከዚያ ወዲህ ለ«ቤ» የራሷ ቁጥር አላት፣ የትም ብትሄድ «ቤ» ናት።

ሰው ስሙን በቴሌግራም ይልክላታል፣ እሷ ኮፒ አድርጋ ትለጥፋለች። ያ የሚሠራው በዩኒኮድ ፎንት ብቻ ነው።

ጋሽ_ማተሚያ፦
እሱን አውቀዋለሁ ልጄ። ከደንበኛ ፍላሽ ላይ ፋይል ከፍተን ጽሑፉ ጉራማይሌ ሆኖ ሲመጣ ስንት ሌሊት አድረናል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ጽሑፉ አንዴ ወደ ቅርጽ ከተቀየረ ዩኒኮድ ይሁን አይሁን ወረቀቱ ምን ገዶት? ኮሬል ላይ ጽፈህ ኮንትሮል ኪው ትለዋለህ፣ ፊደልነቱ ቀርቶ ሥዕል ይሆናል። ከዚያ ወደ ማሽኗ ትውሰደው። ደግሞ ፓወር ግዕዝም የዩኒኮድ ፎንት አውጥቷል እኮ፣ የድሮው ብቻ አይደለም ያለው።

ብዕርና_መቀስ፦
እውነትዎን ነው። የዩኒኮዱ ካላት ያው እንደማንኛውም ፎንት ይሠራል። የድሮውም ቢሆን ኮሬል ላይ ተጽፎ ወደ ቅርጽ ተቀይሮ ኤስ ቪ ጂ በሚባለው የቅርጽ ፋይል ከመጣ ምንም አይለውም። ፈቃዱ እንዳለ ሆኖ።

ዚፕ_ሰብሳቢ፦
ምን አስጨነቃችሁ፣ እኔ ጋ አንድ ትልቅ ዚፕ አለ፣ አማርኛ እንግሊዝኛ ዓረብኛ ሁሉም የተጠቀለለበት፣ ከቴሌግራም ቻናል ያወረድኩት ነው። የፈለገ በውስጥ ያናግረኝ፣ በነፃ እልካለሁ 🙌

ፊደል_ቀራጭ፦
ወንድሜ፣ ቸርነትህ ጥሩ ነው፣ ግን የማን ነው የምትሰጠው? እኔ ፊደል እሥላለሁ፣ ሥራዬ ነው። አንድ የላቲን ፎንት የሚሠራ ሰው ትልቁንና ትንሹን ፊደል፣ ቁጥሩንና ነጥቡን ከጨረሰ አብዛኛውን ሥራ ጨረሰ ማለት ነው። እኛ ለአንዱ ውፍረት ብቻ ከ300 በላይ ምልክት እንሥላለን፣ ቦልዱ ሲመጣ ሌላ 300። የ«ሉ» ቅጥያ መሃል ላይ ነው፣ የ«ሊ» ከታች ነው፣ ሁለቱ ከሩቅ እንዳይምታቱ ቦታቸውን በጥንቃቄ መወሰን አለብህ። እንዲህ ተለፍቶ የወጣ ፎንት በሳምንቱ አንድ ቻናል ላይ በዚፕ ይለቀቃል። ከዚያ ደግሞ የአማርኛ ፎንት ለምን ጥቂት ሆነ ትላላችሁ።

ዚፕ_ሰብሳቢ፦
እኔ አልሰረቅኩም፣ ቻናሉ ላይ ነበር። ደግሞ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ፊደል_ቀራጭ፦
ሁሉም ማድረጉን አልካድኩም። ግን አንተ ቤት ውስጥ መጫወትና እሷ ካርድ እየሸጠችበት መዋል አንድ አይደለም። ነገ ካርዱን በኢንተርኔት ሱቅ ስታወጣ ባለቤቱ መጥቶ አውርጂ ቢላት የምትመልሰው የላትም።

ሌላው ደግሞ፣ እነዚህ ዚፖች ውስጥ ፎንት ያልሆነ ነገር ይደበቃል። የፎንት ፋይል መጨረሻው ቲቲኤፍ ወይም ኦቲኤፍ ነው። ዚፑን ፈትተህ የሚጫን ፕሮግራም ወይም የስልክ አፕ ካገኘህ አትንካው፣ ፎንት ለመጫን ሌላ ፕሮግራም አያስፈልግም። መጨረሻው ዎፍ የሚል ካለ ደግሞ ለድረ ገጽ የተዘጋጀ ነው፣ ክሪከት ላይ አይሆንሽም።

ሰላም_ካርድ፦
እሺ ታዲያ ካርድ መሸጥ የሚፈቅደውንና የማይፈቅደውን በምን አውቃለሁ? ይሄ ነው የሚያስፈራኝ።

ፊደል_ቀራጭ፦
ዚፑን ስትከፍቺ ከፎንቱ ጋር የምትመጣ የጽሑፍ ፋይል አለች፣ ሰው ሁሉ የሚደልታት። እሷን አንብቢ። ኦፕን ፎንት ላይሰንስ ካለ እፎይ በይ፣ ኖቶና አቢሲኒካ በእሱ ነው የተለቀቁት። ካርድ ሠርተሽ ትሸጫለሽ፣ ሎጎ ትሠሪበታለሽ፣ ፒዲኤፍ ውስጥ ታስገቢዋለሽ፣ ማንንም አታስፈቅጂም። የማይፈቀደው ፎንቱን ራሱን ለብቻው መሸጥ ነው። «ለግል አገልግሎት ብቻ» ካለ ግን ለልጅሽ ልደት ትችያለሽ፣ ለደንበኛ አትችዪም። እዚያ ላይ ባለቤቱን ጽፈሽ መጠየቅ ወይም የንግድ ፈቃዱን መግዛት ነው። ምንም ጽሑፍ ከሌለው ተፈቅዷል ማለት አይደለም፣ አይታወቅም ማለት ነው፣ ስለዚህ ለሽያጭ አትጠቀሚበት።

በሰናምርምር ፕሮጀክት የተለቀቁ እንደ ጅረትና ዘላን ያሉ የቆዩ የዩኒኮድ ፎንቶችም አሉ፣ ጌጥ ያለው ፊደል ለሚፈልግ ሰው ማየት ነው። ፈቃዳቸውን ግን እዚያው አብሮ ካለው ፋይል አንብቢ።

እትዬ_ፊደል፦
እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ለመዋዕለ ሕፃናት የፊደል ገበታና የሚቆረጥ የወረቀት ፊደል አዘጋጃለሁ። ስለ ማደራጀቱ እኔ ልናገር፣ ምክንያቱም ልጄ ኮምፒውተሬን ካስተካከለልኝ ወዲህ እፎይ ብያለሁ። ያወረድኩትን ሁሉ ኢንስቶል አላደርግም። «ፎንት» የሚል አንድ ፎልደር አለ፣ ውስጡ ሦስት፦ አማርኛ፣ ላቲን፣ ያልተፈተሸ። አዲስ ያወረድኩት መጀመሪያ ያልተፈተሸ ውስጥ ይገባል። ዚፑን እንዳለ አስቀምጠዋለሁ፣ የፈቃዱ ወረቀት አብሮት ስላለ። የፎልደሩ ስም መጨረሻ ላይ «ይሸጣል» ወይም «ለቤት» ብዬ እጽፍበታለሁ። ከዚያ በኋላ መፈለግ የለም።

አማርኛውን ስፈትሽ አንድ መስመር አለችኝ፣ ከማስታወሻዬ ኮፒ አድርጌ እለጥፋታለሁ፦

ሏ ቧ ጇ ቨ ኧ ዟ ኀ ሠ ፐ ጰ ፀ ፩ ፲ ፻ ፡ ። ፣ ፤

ከእነዚህ አንዱ ሳጥን ከሆነ ወይም መልኩ ከሌሎቹ ከተለየ ፎንቱ ጎደሎ ነው። «ቴሌቪዥን»ን የማይጽፍ ፎንት ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ጌጠኛ ፎንት ብዙ ጊዜ የሚጎድለው እዚህ ላይ ነው፣ ሀ ሁ ሂ ሃን አሳምረው ሌላውን ይተዉታል።

ሰላም_ካርድ፦
እትዬ እግዜር ይስጥልኝ፣ ያቺን መስመር ወስጃታለሁ። «ይሸጣል / ለቤት» የሚለውም ግሩም ነው። ግን የተጫነው ሲበዛ ኮምፒውተሩ ያዘግማል፣ ዲዛይን ስፔስ ሲከፈት ቡና አፍልቼ እመለሳለሁ።

እትዬ_ፊደል፦
እኔም ጋ እንደዚያ ነበር። ልጄ ፎንትቤዝ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ጫነልኝ። ፎልደሩን አሳየዋለሁ፣ ሁሉንም ፎንት ሳይጭን ያሳየኛል፣ የምጽፈውን ቃል በሁሉም መልክ ደርድሮ ያቀርብልኛል። የምፈልገውን ብቻ አበራለሁ፣ ሥራው ሲያልቅ አጠፋለሁ።

ብዕርና_መቀስ፦
ትክክል ናቸው እትዬ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ በፎንትቤዝ በጊዜያዊነት የበራ ፎንት አንዳንድ ሶፍትዌር ላይ አይታይም። ለክሪከት ሁልጊዜ የምትጠቀሚባቸውን አራት አምስት የአማርኛ ፎንቶች በቋሚነት ጫኚ፣ ሌላውን እዚያ ተዪው። ማክ ላይ ደግሞ ፎንት ቡክ ራሱ ማብራትና ማጥፋት ይችላል። ዊንዶውስ ላይ ኔክሰስፎንት የሚባልም ነፃ አለ፣ መልኩ የድሮ ነው ግን ቀላል ነው።

ኪያ_ዱባይ፦
ሰላም፣ እኔ ኮምፒውተር የለኝም፣ ዱባይ ሥራ ላይ ነኝ፣ ሁሉን በሳምሰንግ ስልኬ ነው የምሠራው። ለጓደኞቼ የልደትና የክርስትና ጥሪ በቴሌግራም የሚላክ እሠራለሁ። ካንቫ ላይ ያወረድኩትን ፎንት ላስገባ ስል ክፈይ ይለኛል። መላ ካላችሁ ንገሩኝ፣ የምታወሩት ሁሉ የኮምፒውተር ሆነብኝ።

ብዕርና_መቀስ፦
ኪያ፣ ካንቫ ላይ የራስን ፎንት መጫን በነፃው አይቻልም። ፒክስልላብ የሚባለውን የስልክ አፕ ሞክሪ። ከጎግል ፎንትስ በስልክሽ ዚፑን አውርጂ፣ ስልኩ ውስጥ ባለው የፋይል ማያ ዚፑን ፍቺው፣ ቲቲኤፎቹን «ፎንት» በሚል ፎልደር አስቀምጪ። ፒክስልላብ ውስጥ ጽሑፉን ነክተሽ ፎንት መምረጫው ላይ «የእኔ ፎንቶች» የሚለው ጋ ሄደሽ ያንን ፎልደር አሳዪው።

ስትልኪ ደግሞ እንደ ፎቶ አትላኪው፣ ቴሌግራም ፎቶን ይጨምቃል፣ የቀጭኑ ፊደል ጠርዝ ይደበዝዛል። እንደ ፋይል ላኪው። ደንበኛዋ አገር ቤት ልታሳትመው ከሆነ በተለይ።

ኪያ_ዱባይ፦
ወይኔ ሠራ!! አቢሲኒካን አስገባሁት፣ ስሙ ሲጻፍ እንዴት እንደሚያምር። ተባረኩ 🙏

ሰላም_ካርድ፦
ወደ ቆረጣው ልመልሳችሁ። ኖቶ ሳንስ ብላክን ከስታቲክ ጫንኩት፣ ታየ። «ኤልሳቤጥ»ን በአቢሲኒካ ስቆርጠው ቁመቱ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። የ«ቤ» ቀለበት ሁሌ ወረቀቱን ከሚለጠፍበት የማሽኑ ምንጣፍ ላይ ሳነሳው ነው የሚሄደው። ብላክ ጥሩ ቆረጠ ግን ጋሽ ማተሚያ እንዳሉት ደረቅ ሆነብኝ፣ ለሕፃን ክርስትና ከበደ።

ብዕርና_መቀስ፦
ይሄ የፊደላችን ጠባይ ነው። ሌ፣ ሜ፣ ቤ፣ ኔ ከእግራቸው ሥር ቀለበት አላቸው፣ ሎና ቶ ከላይ አላቸው። ያ ቀለበት በአንዲት ቀጭን አንገት ነው ከገላው ጋር የተያያዘው። የእንግሊዝኛ ፎንት የሚመርጥ ሰው ስለዚህ አያስብም፣ አንቺ ግን ፎንት ስትመርጪ መጀመሪያ ያንን አንገት እዪ። የካርዱን ስም በ«ቤ»ና በ«ቶ» አጉልተሽ እዪው፣ አንገቱ እንደ ክር ከሆነ ተዪው። የሸ፣ የኘ፣ የቸ የላይ መስመርም እንደዚሁ ነው።

አቢሲኒካን ካልተውሽው አንድ ዘዴ አለ። ኦፍሴት በሚለው ጽሑፉን ዙሪያውን በጣም በትንሹ አወፍሪው፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ ብዙ ነው። ችግሩ ወደ ውጭ ሲወፍር ቀዳዳውም ይጠባል፣ የቀለበቱ ዓይን ከጠፋ «ቤ» ምን እንደምትመስል አስቢው። ስለዚህ የኖቶ ሰሪፍ ሰሚቦልድን ሞክሪ፣ ከብላኩ የለሰለሰ ነው፣ ውፍረቱንም ቀራጩ አስቦበት ነው የሠራው።

ወረቀቱም አለ። ፊቱ ሸካራ የሆነው ካርቶን ቀጫጭኑን ነገር ይቀድዳል፣ ለስላሳውን ያዢ። ሲያልቅ ደግሞ ወረቀቱን ከምንጣፉ ላይ አትላጪው፣ ምንጣፉን ገልብጠሽ ከወረቀቱ ላይ አጥፈሽ አንሺው። ቀለበቱ የሚበጠሰው ወረቀቱ ሲታጠፍ ነው።

እትዬ_ፊደል፦
እኔ ለልጆች ስቴንስል (ቀለም የሚቀባበት ቅድ) ስቆርጥ ሌላ ጣጣ ገጥሞኛል። ዐ፣ ወ፣ መ፣ ቀ፣ ፀ ውስጣቸው ክፍት ስለሆነ መሃሉ ወድቆ ይቀራል፣ ቀለም ሲቀባ «ወ» ድፍን ክብ ይሆናል። ልጁ ምን ብሎ ያንብበው? አሁን ከውስጡ ወደ ውጭ ቀጭን ድልድይ እተውለታለሁ። የላቲን ስቴንስል ፎንት እንደ ልብ ነው፣ የእኛን ግን በእጄ ነው የማበጀው፦ ትንሽ አራት ማዕዘን ፊደሉ ላይ አስቀምጬ እቀንሰዋለሁ። ድልድዩን ሁልጊዜ ቀጥ አድርጌ ከላይ ወደ ታች ነው የምሰጠው፣ ያኔ ገበታው አንድ ዓይነት መልክ ይይዛል።

ጋሽ_ማተሚያ፦
ኬክ ላይ የሚሰካ ለሚሠሩ ልጆችም ልንገር። የእንግሊዝኛው ቅጥልጥል ጽሑፍ እርስ በርሱ ተያይዞ ይቆማል፣ የእኛ ፊደል ግን አንዱ ከአንዱ አይነካካም። እንዳለ ከቆረጣችሁት ብትን ፊደል ነው የሚሆነው። ወይ ከሥር አንድ አግዳሚ መስመር አስገቡና ዌልድ በሚለው አንድ ቅርጽ አድርጉት፣ ወይ ከኋላ በኦፍሴት ወፍራም ጥላ ሠርታችሁ ፊደሉን እዚያ ላይ ለጥፉት። ሁለተኛው ያምራል፣ ወርቃማ ከኋላ ነጭ ከፊት።

ሰላም_ካርድ፦
ጋሼ ይሄ ለልደት ማስጌጫ በጣም ነው የሚጠቅመኝ። ሌላ ጥያቄ፣ ሠርገኞቹ ዓመቱን በግዕዝ ቁጥር ይፈልጋሉ። ፪፻፲፰ ብዬ ልኬላቸው ነበር፣ አማቲቱ ልክ አይደለም አሉ።

እትዬ_ፊደል፦
አማቲቱ ልክ ናቸው። ያ 218 ነው የሚነበበው። በግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለም፣ በቦታም አይሄድም። 2018 ማለት ሃያ መቶ አሥራ ስምንት ነው፣ ስለዚህ ፳፻፲፰ ትያለሽ። ሃያ፣ መቶ፣ አሥር፣ ስምንት። ባነርና ኬክ ላይ ሁሉ የተሳሳተ ዓመት ሳይ ዓይኔን ያመኛል።

ብዕርና_መቀስ፦
ቁጥሮቹ ከላይና ከታች መስመር እንዳላቸው አትርሺ። አንዳንዱ ፎንት ላይ የጎረቤታሞቹ መስመር ይገናኛል፣ አንዳንዱ ላይ ክፍተት ይተዋል። የሚነካኩ ከሆነ ከመቁረጥሽ በፊት ዌልድ አድርጊው፣ አለበለዚያ ምላጩ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ይቆርጣል። ስሙንና ዓመቱን ለየብቻ በሁለት ጽሑፍ ከጻፍሽ ደግሞ አታች የሚለውን ተጫኚ፣ አለበለዚያ ማሽኑ ወረቀት ልቆጥብ ብሎ ቦታቸውን ያዛንፍብሻል።

ሰላም_ካርድ፦
የሠርጉ ካርድ ውስጠኛ ገጽ አዲስ አበባ ነው የሚታተመው። አንድ ማተሚያ ቤት ባለፈው የላክሁትን ፋይል ከፍቶ ፎንቱን በሌላ ተክቶት አትሞ ጨርሶ ነው የነገረኝ። ቀጭኑ ጽሑፍ ወፍሮ፣ መስመሩ ተሰብሮ፣ የሙሽራው አባት ስም ብቻውን ታች ወርዶ። እንዴት ብልክ ነው የማይነኩት?

ጋሽ_ማተሚያ፦
ሁለት ፋይል ላኪ። አንደኛው ጽሑፉ ወደ ቅርጽ የተቀየረ ፒዲኤፍ። ኢለስትሬተር ላይ ኮንትሮል ሺፍት ኦ ነው፣ ኮሬል ላይ ኮንትሮል ኪው፣ ኢንክስኬፕ ላይ ኮንትሮል ሺፍት ሲ። ያኔ እኛ ጋ ፎንቱ ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም። ሁለተኛው መልኩን የሚያሳይ ተራ ሥዕል፣ ሠራተኛው ከሥራው ጋር እንዲያመሳክር። ግን ከመቀየርሽ በፊት የሚስተካከለውን ፋይል ለራስሽ በሌላ ስም አስቀሪ፣ አንዴ ቅርጽ ከሆነ በኋላ «አበበ»ን «አበባ» ማድረግ አትችዪም። ስም ደግሞ በመጨረሻው ሰዓት ሁሌ ይታረማል፣ ይሄን ከእኔ ተማሪ።

የማተሚያው ሰሌዳ ከመውጣቱ በፊት አንድ ቅጂ አትመው ፎቶ እንዲልኩልሽም ጠይቂ። እምቢ የሚል ማተሚያ ቤት ካለ ሌላ ፈልጊ።

ፊደል_ቀራጭ፦
ፒዲኤፍ ውስጥ ፎንቱን ማካተትም ይቻላል፣ ግን አንዳንድ ፎንት ይህን ይከለክላል። ዊንዶውስ የፎንት ፎልደር ውስጥ የእያንዳንዱን ዝርዝር ስታዩ መካተት ይችል እንደሆነ ይናገራል። ለማተሚያ ቤት ወደ ቅርጽ መቀየሩ ይሻላል፣ ጋሼ እንዳሉት።

ዚፕ_ሰብሳቢ፦
እሺ እኔም ዚፑን ፈትሼ የፈቃድ ወረቀት ያላቸውን ለየሁ። አብዛኛው የለውም 🤷 ሊንኩን አልለጥፍም በቃ። ግን ጥያቄ አለኝ፣ ክሪከቱ በብዕር ሲጽፍ አማርኛው ለምን ውስጡ ባዶ የሆነ ድርብ መስመር ይሆናል? እህቴ ጋ አይቼ ገርሞኛል።

ብዕርና_መቀስ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። ፎንት ማለት የፊደሉ ዙሪያ ነው እንጂ የብዕር መንገድ አይደለም። ማሽኑ ያንን ዙሪያ ተከትሎ ስለሚሄድ እያንዳንዱ እግር ሁለት መስመር ይሆናል። ለላቲን አንድ መስመር ብቻ ያላቸው ፎንቶች ተሠርተዋል፣ ለግዕዝ ግን ተዘጋጅቶ የሚወርድ አላገኘሁም። እኔ የማደርገው ሁለት ነው። ፊደሉ ትንሽ ከሆነ ቀጭኑን የኖቶ ውፍረት መርጬ ወፈር ያለ ብዕር እጠቀማለሁ፣ ሁለቱ መስመር ገጥሞ አንድ ይመስላል። ትልቅ ከሆነ ደግሞ ጽሑፉን በምስል አውጥቼ ኢንክስኬፕ ውስጥ የመሃል መስመሩን ተከትሎ እንዲሥል አደርገዋለሁ፣ ምስል ወደ ቅርጽ የሚቀይረው ቦታ ላይ ምርጫው አለ። ቀለበቶቹ ላይ ትንሽ ይወላገዳል፣ በእጅ ማቃናት አለ።

ዚፕ_ሰብሳቢ፦
ኢንክስኬፕ ይከፈልበታል?

ብዕርና_መቀስ፦
ነፃ ነው። ከራሱ ድረ ገጽ አውርደው፣ ከቻናል አይደለም 😄

ፊደል_ቀራጭ፦
የአንድ መስመር ግዕዝ... እስኪ የሚፈልገው ሰው ስንት እንደሆነ እዚህ ሥር ጻፉልኝ። በቂ ሰው ካለ ሀ ሁ ሂን ጀምሬ አሳያችኋለሁ። «ቤ»ንና «ቶ»ን መጀመሪያ እሠራቸዋለሁ፣ እነሱ ከሠሩ ሌላው ይከተላል።

እትዬ_ፊደል፦
እኔን አንድ በል። ለልጆች የፊደል አጻጻፍ መለማመጃ ይሆነኛል፣ የብዕሩ አካሄድ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ካሳየኽልኝ።

ኪያ_ዱባይ፦
እኔንም ጨምሩኝ፣ ማሽን ባይኖረኝም 😂